የዳማው ፎቶ

እኔ የማነሳው ሰው ነው። ይህንን ለአባባ ገና በሩ ላይ እንደቆሙ ነግሬያቸዋለሁ። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ ባለችው ፎቶ ቤቴ ሙሽራ ይነሳል፣ ተመራቂ ይነሳል፣ ጉርድ ፎቶ የፈለገ ሁሉ ክቧ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ፣ ሁለት ጆሮውን አሳይቶ ይነሳል። ፈረስ ግን አንስቼ አላውቅም።

«ፈረስም ሁለት ጆሮ አለው እኮ» አሉኝ።

ይህንን ብለው ገብተው ክቧ ወንበር ላይ ቁጭ አሉ።

አባባ የምላቸው ዘመዴ ሆነው አይደለም፤ ሰፈሩ በሙሉ እንደዚያ ነው የሚጠራቸው። ከሀና ማርያም ወዲህ፣ አሁን ፎቅ የበቀለበት ቦታ ሁሉ የቤተሰባቸው እርሻ ነበር። ዛሬ የቀራቸው በቆርቆሮ የታጠረች ግቢ፣ ሁለት ላምና አንድ ወጣት ፈረስ ነው። ፈረሱ ዳማ ነው፤ ፀሐይ ሲያገኘው ቅላቱ እንደ ተወለወለ ጫማ ያብለጨልጫል። ግንባሩ መሃል ላይ መዳፍ የምታህል ነጭ ቦቃ አለችው። ይሄ ሮጦ ያልጠገበ ጎረምሳ እዚያች ግቢ ውስጥ ፉርሽካ እየበላ ሲሽከረከር ይውላል። አባባ ይህንን ማየት ስላቃታቸው ሊሸጡት ቆረጡ።

ገዢ አልጠፋም። አሸዋ የሚያመላልስ አንድ ባለጋሪ በየቀኑ ደጅ ይጠናል፤ እሁድ ጠዋት መጥቶ ሊወስደው ተነጋግረዋል፣ የተሻለ ሰው ካልተገኘ።

«ጋሪ ላይ ከታሰረ አለቀለት» አሉኝ አባባ። «ይሄ የኮርቻ ፈረስ ነው፣ ልጄ። የኮርቻ!»

የተሻለው ሰው ወሊሶ በኩል ያለ የአክስታቸው ልጅ ነው፤ እኩያቸው፣ በየበዓሉ ፈረስ አስጊጦ የሚወጣ ሰው። «አካሄዱን ልየውና ከወደድኩት መኪና ይዤ እመጣለሁ» ብሏቸዋል። እሱ ያለበት ቦታ ኔትወርኩ ቪዲዮ አይከፍትም፤ ፎቶ ግን እየተንፏቀቀም ቢሆን ይገባል። ስለዚህ ፈረሱ ሲሄድ የሚያሳይ ያማረ ፎቶ እስከ ቅዳሜ ማታ ወሊሶ መድረስ አለበት።

«እንደ ሙሽራ አድርገሽ አንሺልኝ» አሉ። ጉድ የሠራችኝ ይቺ ቃል ናት።

ቅዳሜ ጠዋት ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ያለው ሜዳ ላይ ተገናኘን። ብርሃኑን አየሁ፣ ሣሩ ላይ ተንበረከክሁ፣ ካሜራዬን ደቀንኩ። አባባ ገመዱን ያዙ። ፈረሱ ሶምሶማ እንዲሮጥ እሳቸውም ሶምሶማ መሮጥ ነበረባቸው። በዚያ ዕድሜያቸው፣ ካፖርታቸው እየተርገበገበ፣ ቦቲ ጫማቸው ጭቃ እየረጨ!

«ቀና በል! አገጭህን ወረድ አድርግ! ፈገግ!» ብዬ ጮህኩ፣ ከልምድ የተነሳ።

አባባ ፈገግ አሉ። ፈረሱ ገላመጠኝ።

የሚሮጥ ፈረስ ዓይን ሲያየው ያምራል፤ ፎቶ ሲይዘው ግን ጉድ ነው። አንዱ ላይ ዓይኑን ጨፍኗል። አንዱ ላይ ከንፈሩ ተንጠልጥሎ ጥርሱን ሊነቀል የሄደ ሰው መስሏል። አንዱ ላይ እግሮቹ ተቆላልፈው ሁለት ብቻ ያለው ይመስላል። አንገቱ ባማረበት ላይ ደግሞ ጭራውን ሽቅብ አንስቶ… ምን እያደረገ እንደሆነ አልናገርም። እየሮጠ ያንን ማድረግ መቻሉ ግን ገርሞኛል።

በዚህ መሃል አንድ የታክሲ ረዳት አስፋልቱ ዳር «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ብሎ ሲያንባርቅ ፈረሱ ደነገጠና ሽምጥ ጋለበ። አባባንም ይዟቸው ሄደ። ገመዱን ልቀቁ ብላቸው ማን ሊሰማኝ! እኔ በሳቅ ስንፈራፈር ካሜራው አብሮኝ ተንቀጠቀጠ፤ የዚያን ጊዜ ያነሳሁት ሁሉ ጭጋግ ነው።

ከሰዓት ፎቶ ቤቱ ውስጥ ጎን ለጎን ቁጭ ብለን መምረጥ ጀመርን። መምረጥ ብዬ ነው እንጂ ጭቅጭቅ ነው። ከሁሉም ያስደሰተኝ አራቱም እግሮቹ ከመሬት የተነሱበት ነበር።

«ምን ነካሽ?» አሉ አባባ። «ሰቅለነው ያነሳነው ነው የሚመስለው!»

«አባባ፣ ሲሮጥ እኮ እንደዚህ ይሆናል። ካሜራ አይዋሽም።»

«ዕድሜ ልኬን ፈረስ አይቻለሁ፤ አየር ላይ ቆሞ አላየሁም። ቀጥይ።»

ቀጠልኩ። እሳቸው የወደዱትን ደግሞ እኔ ጠላሁት።

«ይሄኛው ላይ ቦርጭ አውጥቷል።»

«ቦርጭ አይደለም፤ ፉርሽካ ነው!» ብለው ተቆጡ፤ ስለ ራሳቸው ሆድ የተናገርኩ ነው የመሰላቸው።

በመጨረሻ አንዱ ላይ ሁለታችንም እኩል «ይሄ!» አልን። የፊት እግሩን ዘርግቷል፣ ጆሮዎቹ ወደ ፊት ቆመዋል፣ ጋማው ተበትኗል፣ አንገቱ ደገን ብሏል። ያምራል! አጠገቡ ግን አባባ አፋቸውን እስከ መንጋጋቸው ከፍተው አየር ይፈልጋሉ።

«እኔን ቁረጪኝ» አሉ። «ማን እኔን ይገዛል?»

ቆረጥኳቸው። የወሊሶውን ሰውዬ ስልክ ቁጥር ሰጥተውኝ፣ «አሳምረሽ ላኪለት» ብለው ላሞቻቸውን ሊያልቡ ሄዱ።

ያን ጊዜ ነው እንግዲህ እጄ ሥራውን የጀመረው። እንደ ሙሽራ ተብያለሁ አይደል? ጭቃውን ከእግሩ ጠረግሁ። ዝንቦቹን አንድ በአንድ አነሳሁ። ገመዱን አጠፋሁ። ዓይኑን አበራሁ፣ ጋማውን አበጠርኩ። ለብዙ ዓመት የሙሽራ ፊት ኤዲት ሳደርግ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ግንባር ላይ የሚያበራ ነገር ካየሁ ወዝ ነው፣ አጠፋዋለሁ። ሳላስብ ነው የማጠፋው። ሲያልቅ ወደ ኋላ ራቅ ብዬ አየሁት፤ ኮራሁ፤ ላክሁ።

ብዙም ሳይቆይ አባባ ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው እየሮጡ መጡ። ከወዲያኛው ጫፍ የወሊሶው ሰውዬ የሚጮኸው በኦሮምኛ ነው፤ እኔም ይገባኛል።

«ቦቃ አለው አላልከኝም? ይሄ የማን ፈረስ ነው? አንዱን አሳይተህ ሌላውን ልትጭንብኝ ነው?»

አባባ የኮምፒውተሬን ስክሪን አዩት። ጠጋ ብለው ደግመው አዩት።

«ልጄ፣ ቦቃውስ?»

«የቱ ቦቃ?» አልኩና አየሁት። ክው አልኩ። የፈረሱ ግንባር ከዳር እስከ ዳር ቀይ ነው። ስልኩን ከእጃቸው ነጠቅሁ።

«ጋሼ፣ ጥፋቱ የኔ ነው! ወዝ መስሎኝ ነው ያጠፋሁት!»

«ምን መሰለሽ?»

«ወዝ! እኔ እኮ ሙሽራ ነው የማነሳው!»

እሱም ጠየቀኝ፣ «ፈረሱ ሊያገባ ነው?»

እኔ እውነቴን ባስረዳሁ ቁጥር ነገሩ ይብሱን ውሸት መሰለ። «ቦቃውን ያጠፋ ሰው ሌላ ምን እንዳጠፋ በምን አውቃለሁ? ተዉት፣ ይቅር» አለና ዘጋው። አባባ ክቧ ወንበር ላይ ዝርፍጥ አሉ። በዕድሜያቸው ሙሉ አጭበርባሪ ተብለው አያውቁም፤ አሁን በኔ እጅ ተባሉ። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ በተሻለኝ ነበር።

«በቃ፣ የባለጋሪው ነው» አሉ ቀስ ብለው።

 ተናደድኩ፤ በማን እንደሆነ እንጃ፣ በሙሽሮቹ ሁሉ መሰለኝ። ካሜራው ውስጥ ያለውን በሙሉ፣ አንድም ሳልቆርጥ፣ አንድም ሳላጠፋ ወደ ወሊሶ ለቀቅኩት። ዓይኑን የጨፈነበት ሄደ። ከንፈሩ የተንጠለጠለው ሄደ። ጭራው የተነሳው፣ ይቅርታ ይደረግልኝ፣ እሱም ሄደ። አየር ላይ የቆመው፣ አባባ አፋቸውን የከፈቱበት፣ ጭጋጉ ሁሉ ሄደ።

ጠበቅን። አባባ ወንበሯን አልለቀቁም፤ እኔም ጉርድ ፎቶ ሊነሳ የመጣውን ሰው «ነገ» ብዬ መለስኩት።

ስልኩ ሲጮህ መጀመሪያ የሰማነው ሳቅ ነው።

«አንተ! ጭጋጉ ውስጥ ሁለት ቦቲ አየሁ፤ ያንተ ናቸው?» አለ። ሳቁ አላቆም ብሎት ቆየና፣ «ሰውየው፣ ቦቃውም አለ፤ ደግሞም ይሄ እግር ነው! ነገ ባለጋሪው ሳይነቃ እደርሳለሁ።»

አባባ ተነስተው ሳሙኝ። በአንዱ ጉንጭ፣ በሌላው ጉንጭ፣ ከዚያ እንደገና። ወተት ወተት ይሸቱ ነበር።

እንዳለውም መኪና ይዞ መጣ። እኔ አልሄድኩም፤ ሥራ ነበረብኝ። ከመስኮቴ ግን የጭነት መኪናው በጀሞ አስፋልት ሲያልፍ አየሁ፤ ዳማው በላዩ ቆሞ ነፋሱን ያሸታል፤ ጋማው አንዴም ሳልነካው አምሮበታል። እልል ማለት ነው የቀረኝ። ተሳካልን!

በሳምንቱ አባባ መጡ። ፂማቸውን ተላጭተዋል።

«ግድግዳ ላይ የምሰቅለው አንድ ፎቶ አጥቢልኝ» አሉ።

በደስታ ከፈትኩላቸው። ያንን የመረጥነውን አሳየኋቸው፣ ከነቦቃው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ሌላ አሳየኋቸው። ሌላ። ሁሉንም ጨረስን።

«ቆሞ የሚያየኝ የለሽም?»

«አባባ፣ አካሄዱን አንሺ ስላሉኝ እኮ ነው። ያለኝ ሁሉ ሲሄድ ነው።»

«ሲሄድማ አየሁት፣ ልጄ» አሉ።