የቨርባ ዋንጫና የሜቶዲ መስቀል

በቨርባ የበረዶ ሜዳ መግቢያ ላይ፣ ከትኬት መቁረጫው መስኮት ከፍ ብሎ፣ የአሥራ ሰባት ልጆች ፎቶግራፍ ተሰቅሎ ነበር። መሐል ላይ ሁለት እግሩን በወፍራም መከላከያ የጠቀለለ አንድ ረጅም በረኛ ዋንጫ ታቅፎ ተቀምጧል። ከሥሩ «ሜቶዲ ክሩፓ» ተብሎ ተጽፏል። ውሸት ነው። ልጁ ዜኖን ክሩፓ ነው። ከስድስት መቶው የቨርባ ሰው ይህን የማያውቅ አልነበረም፤ እንግዳ ፊት የሚናገረው ግን አንድም አልተገኘም። የአደባባይ ምስጢር ማለት እንዲህ ነው፤ ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም አፉን ይይዛል፣ አንድ ሰው ደግሞ ውስጡ ታስሮ ይኖራል።

የካናዳ ወጣቶች የበረዶ ላይ ሆኪ ዋንጫ ከተጀመረ ጊዜ አንሥቶ የትልልቆቹ ከተሞች ንብረት ነበር። ዘንድሮ አንዱ የምሥራቅ ከተማ ይወስደዋል፣ ለከርሞ ጎረቤቱ። ከምዕራቡ የስንዴ አገር የሚሄዱ ቡድኖች የሚጋበዙት ተሸናፊ ስለሚያስፈልግ ይመስል ነበር። ሦስት ቀን በባቡር ተጉዘው፣ ዘጠኝ ለዜሮ ተሸንፈው፣ ከቤት የቋጠሩትን ቋሊማ እያላመጡ ይመለሳሉ። የምሥራቅ ጋዜጦችም «ገበሬዎቹ በርትተዋል» ብለው ይጽፋሉ። ይቺ «በርትተዋል» የምትባል ቃል ከሽንፈቱ በላይ ታንገበግበን ነበር።

በ1958 ክረምት ግን ቨርባ ዜኖንን አገኘች። ልጁ ጎል ላይ ሲቆም ሌላው አሥራ ስድስቱ ቢተኛ እንኳ ግድ አልነበረውም። ክፍለ ሀገራችንን ሳስካችዋንን ጠራርገን አሸነፍን፤ ቀጥሎ ምዕራቡን በሙሉ። ልክ ያኔ ከዋንጫው ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ መጣ። የእያንዳንዱ ተጫዋች የልደት ወረቀት ይላክ፤ ጃንዋሪ 1 ላይ ሃያ ዓመት የሞላው አይጫወትም ይላል።

የዜኖን ወረቀት ዲሴምበር 20 ቀን 1937 ይላል። በአሥራ ሁለት ቀን አለፈው።

አሠልጣኙ ጋሽ ዋሲል ደርካች ነበሩ። የእህል ጎተራውም ኃላፊ እሳቸው ናቸው፤ የከተማውን ስንዴ ሁሉ የሚመዝኑ ሰው ስለሆኑ እምቢ የሚላቸው አልነበረም። ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ ባርኔጣቸውን አጥልቀው፣ የቤተ ክርስቲያኑን ሒሳብ ሹም አስከትለው፣ ወደ ዜኖን እናት ወደ እትዬ ፓራስካ ቤት ሄዱ። እትዬ ፓራስካ ድንች እየላጡ ነበር። ዜኖን ምድጃው አጠገብ ቆሟል።

«እትዬ ፓራስካ፣ የትንሹ የሜቶዲ የልደት ወረቀት አሁንም አለሽ?» አሉ ጋሽ ዋሲል።

ሜቶዲ የዜኖን ታናሽ ነው። በ1942 ፌብሩዋሪ፣ ሦስት ዓመት ሳይሞላው፣ ጉሮሮው አብጦ ሞተ። በረዶው መንገዱን ዘግቶ ስለነበር ሞቱን ሄዶ ያስመዘገበ ሰው የለም። በመንግሥት መዝገብ ሜቶዲ ዛሬም አለ፤ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው።

«ልጄን በሞተ በአሥራ ስድስት ዓመቱ ኳስ ተጫዋች ልታደርጉልኝ ነው?» አሉ እትዬ ፓራስካ፣ ቢላዋውን ሳያስቀምጡ።

«ለሁለት ወር ብቻ ነው። ዋንጫው ሲያልቅ ወረቀቱ ይመለሳል።»

«ስሙስ?»

እትዬ ፓራስካ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አንተስ ምን ትላለህ?»

ዜኖን ሃያ ዓመቱ ነው፤ መጫወት ይፈልጋል። «እማ፣ ሁለት ወር እኮ ነው» አለ። ያቺን ቃል ኋላ ሺህ ጊዜ ረግሟታል። እናቱ እጃቸውን ጠርገው ሣጥኑን ከፈቱ።

በምሥራቁ ትልቅ ከተማ አምስት ጨዋታ ተጫወትን። አምስተኛው ላይ ዜኖን አርባ ሁለት ምት አዳነ፤ ሁለት ለአንድ አሸነፍን። አሥር ሺህ ሰው የማያውቀውን ልጅ «ሜቶዲ! ሜቶዲ!» እያለ ጮኸ። እትዬ ፓራስካ ይህን በጎረቤት ቤት ሬዲዮ ሰሙ። ሴቶቹ ሲያቅፏቸው ተነሥተው ወጡ። ከደስታ ብዛት ነው ተባለ። እኛ ያኔ ሁሉንም ነገር ከደስታ ብዛት ነው እንል ነበር።

ዋንጫው በባቡር ሲገባ ጋዜጠኞች አብረው መጡ። ቤተ ክርስቲያኑን ፎቶ ሊያነሡ ነው ሲባል ጋሽ ዋሲል ደነገጡ፤ በግቢው ጥግ የሜቶዲ መስቀል ስሙንና ዓመቱን ይዞ ቆሟል። ማለዳ ሁለት ሰው ልከው አስነቀሉት፤ «ለሳምንት ያህል» ብለው በበረዶ ሜዳው ዕቃ ቤት፣ ከአሮጌ መረቦች ሥር አስገቡት። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። የሜቶዲ ስም ግን ከመቃብሩ ተነቅሎ በብር ዋንጫ ላይ ተቀረጸ፣ መቃብሩም ተራ ሣር ሆነ።

ሳምንቱ አለፈ። ሁለት ወሩም አለፈ። በዚያ በጋ ለትልልቆቹ ቡድኖች ተጫዋች የሚመለምል ሰው ከደቡብ፣ ከድንበሩ ማዶ መጣ፤ ለዜኖን ውል ይዞ ነበር። ጋሽ ዋሲል ልጁን ለብቻው ጠሩት።

«ልጄ፣ እነዚህ ሰዎች ድንበር ሲያሻግሩህ ማኅደርህን ይበረብራሉ። አንድ ክር ከተመዘዘ ዋንጫው ሄደ። አሥራ ስድስቱን ጓደኞችህን አስብ።»

«እስከ መቼ ነው ጋሽ ዋሲል?»

«ትንሽ ይብረድ።»

ቨርባ ውስጥ የማይበርድ ነገር የለም፣ ይህ ጉዳይ ግን አልበርድ አለ። አምስተኛው ዓመት በዓል ይለፍ ተባለ። ከዚያ አሥረኛው። ከዚያ ደግሞ የቡድኑ አምበል የምክር ቤት ምርጫ ገብቷልና እሱ ይለፍ። ዜኖን የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መስቀሉ ወደ ቦታው ይመለስ። እናቱ በየፋሲካው ሣር ላይ ተንበርክከው፣ የልጃቸውን ራስጌ በእጃቸው እየዳበሱ ሲፈልጉ እያየ እንዴት ይተወው? ደግሞም እምቢ የሚለው ክፉ ሰው ቢሆን ይጣላው ነበር። የሚለምኑት ያሳደጉት ሰዎች ናቸው፤ ትከሻውን እየደባበሱ፣ ጎመን ጥቅልል እያጎረሱ ነው የሚለምኑት።

ውሉን ሲተወው የበረዶ ሜዳው ሥራ ተሰጠው። ውሃ በበርሜል እየጎተተ በረዶውን ያለሰልሳል፤ መረቡን ይጠግናል። ዕቃ ቤቱን በቀን አራት ጊዜ ይከፍታል፤ በከፈተ ቁጥር የመስቀሉ ጫፍ ከመረቡ ሥር ብቅ ብሎ ያየዋል። መንጃ ፈቃዱ ሜቶዲ ይላል። ሕፃናት ደብተር ሲያቀርቡለት ሜቶዲ ብሎ ይፈርማል። ስሙ የተወሰደበት የቅዱስ ሜቶዲ በዓል ሲደርስ ቤቱ በኬክ ይሞላል፤ የዜኖን ሲደርስ እናቱ ሳይቀሩ እንዳልሰሙ ያልፋሉ።

ሚስቱ ኦሪሲያ ከጎረቤት መንደር ናት። ከሠርጉ በፊት ሁሉንም ነግሯታል። ከተጋቡ ጀምሮ ግን በስም ጠርታው አታውቅም። «ስማ» ትለዋለች፤ ሲብስ «አንተ ሰውዬ»። አንድ ቀን ለምን እንደሆነ ጠየቃት።

«በሞተ ሕፃን ስም አልጠራህም» አለችው። «በራስህ እንዳልጠራህ ደግሞ ያንተው ከተማ ይበላኛል። መጀመሪያ አንተ ማን እንደሆንክ ቁረጥና ንገረኝ፤ እኔ ምን ቸገረኝ!»

አልቆረጠም። ሃያ አንድ ዓመት ሞላ።

በ1979 መጸው እትዬ ፓራስካ አልጋ ያዙ። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፤ አሳባቸው እየሄደ ይመለሳል። አንድ ከሰዓት በኋላ ዜኖን ሾርባ በማንኪያ እየሰጣቸው ዓይናቸውን ገለጡ።

«ማነህ?»

«ዜኖን ነኝ፣ እማ።»

ትኩር ብለው አዩትና ራሳቸውን ነቀነቁ። «አንተ ሜቶዲ ነህ። ዜኖንማ ሞተብኝ። ገና ሊደርስ አምስት ቀን ሲቀረው፣ በቅዱስ አግናጥዮስ ዕለት ወለድኩት፤ ሕፃን ሳለ ጉሮሮውን አፍኖ ገደለብኝ። መስቀል እንኳ አላቆማችሁለትም። አቁሙለት እንጂ፣ ልጄ ነው እኮ!»

ማንኪያውን ሳህኑ ላይ አስቀመጠ። ሃያ አንድ ዓመት ሰው ፊት ሜቶዲ እያሉ ሲጠሩት ምላሳቸው ብቻ የለመደ መስሎት ነበር። ልባቸው ውስጥ ዜኖንን ቀብረውት ኖሯል። ከቤት ወጥቶ አጥሩን ይዞ እንደ ልጅ አለቀሰ።

ሲረጋጋ ሌላው ነገር መጣ። ገና ሊደርስ አምስት ቀን ሲቀረው። የእኛ ገና ጃንዋሪ 7 ነው፤ አያቶቻችን ከዩክሬን ይዘውት የመጡት የቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ከመንግሥቱ አሥራ ሦስት ቀን ወደ ኋላ ይላል። አባቱ ልጁን ሊያስመዘግብ ሲሄድ ካህኑ የነገሩትን ቀን ለእንግሊዙ ጸሐፊ ደገመለት፤ ዲሴምበር 20 አለ። ጸሐፊውም እንደ ሰማ ጻፈ። ልደት ማክበር በእኛ ቤት አልተለመደም፤ የምናከብረው የስም ቅዱሱን ነው፤ ስለዚህ ቀኑን ተመልሶ ያሰበው የለም። ዜኖን በጣቱ ቆጠረ። በመንግሥቱ አቆጣጠር የተወለደው ጃንዋሪ 2 ቀን 1938 ነው። በ1958 ጃንዋሪ 1 ላይ ሃያ አልሞላውም፤ አንድ ቀን ይቀረዋል።

በገዛ ስሙ መጫወት ይችል ነበር።

እናቱ በሦስተኛው ቀን ዐረፉ። ዜኖን ዕቃ ቤቱን ከፈተ፣ መረቦቹን ወዲያ ጣለ፣ መስቀሉን አውጥቶ ይወለውል ጀመር። ወሬ በቨርባ ከነፋስ ይፈጥናል፤ ጋሽ ዋሲል ምርኩዛቸውን እያንኳኩ ደረሱ። ሰባ አልፏቸዋል።

«እናትህ በመጨረሻ ለዜኖን መስቀል አቁሙ ብለዋል አሉ» አሉ በለሰለሰ ድምፅ። «የሟች ቃል ይከበራል። ዜኖን ብለህ ጻፍበት። ልጁም መስቀል ያገኛል፣ ዋንጫውም አይነካም፣ ማንም አይጠይቅም።»

«እኔስ ጋሽ ዋሲል?»

«አንተማ… አንተ ሜቶዲ ነህ። ለምደኸዋል።»

«አልለመድኩትም!» ጨርቁን ወረወረው። «ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አልለመድኩትም! ስንት ቀን ነበር ያለፈኝ? እስቲ ይንገሩኝ!»

«አሥራ ሁለት።»

«ዲሴምበር 20 በማን አቆጣጠር?»

ሽማግሌው ዕድሜ ልካቸውን ገናን ጃንዋሪ 7 ያከበሩ ሰው ናቸው። ከንፈራቸው ሲቆጥር ይታያል። ከዚያ የተጫዋቾቹ አግዳሚ ወንበር ላይ ዘፍ አሉ።

«ንጹሕ ነበርን እኮ» አሉ።

«ነበርን።»

«ስንዴ በግራም የምመዝን ሰው! አሥራ ሦስት ቀን መቁጠር አቃተኝ?» ባርኔጣቸውን አውልቀው ፊታቸውን ሸፈኑበት። ዜኖን ሊያጽናናቸው ፈለገ፤ አልቻለም። የቆየ ቂም እንዲህ በአንድ ቀን አይሟሟም። ቀለሙን ከፈተና በደበዘዘው ጽሑፍ ላይ ብሩሹን አስኬደ። ሜቶዲ ክሩፓ፣ 1939–1942።

ቀለሙ እስኪደርቅ ጋሽ ዋሲል ከወንበሩ አልተነሡም። ዜኖን መስቀሉን ሊሸከም ሲያጎነብስ ቀድመው ሌላኛውን ጫፍ ያዙ።

«ምርኩዝዎስ?»

«ይቅር። እኔ ነኝ ያስነቀልኩት።»

የእትዬ ፓራስካ ቀብር ላይ ከተማው ሙሉ ነበር፤ የመስቀሉን ጽሑፍ ሁሉም አነበበ። የዚያኑ ሳምንት ዜኖን ለዋንጫው ጽሕፈት ቤት በራሱ ስም ደብዳቤ ጻፈ፤ አቆጣጠሩንም አስረዳ። መልሱ ከስምንት ወር በኋላ መጣ። ማብራሪያውን በአክብሮት ተመልክተነዋል፣ ሆኖም የሞተ ልጅ ጎል ላይ ሊቆም አይችልም ይላል። ለካስ የምሥራቅ ሰዎችም ቀልድ ያውቃሉ! ከዚያ አንድ ሰው ከብሩ ዋንጫ ላይ ስማችንን ፋቀው። ዛሬ የዋንጫውን ታሪክ የሚያነብ ሰው 1958 ላይ «አሸናፊ የለም» የሚል ያገኛል። ፎቶግራፉ ወርዶ ግድግዳው ላይ ነጣ ያለ ቦታ ቀረ። ብዙዎቻችን ለአንድ ዓመት ዜኖንን ሰላም አላልነውም። አሁን ሳስበው አፍራለሁ፤ ያኔ ግን የተሰረቅነው እኛ የሆንን ይመስለን ነበር።

መልሱ በደረሰ ዕለት ዜኖን ደብዳቤውን ኪሱ ከትቶ ከበረዶ ሜዳው ጀርባ ቆሟል። ያወጣቸውን አሮጌ መረቦች ያቃጥላል። ቤቱ መንገዱ ማዶ ነው። ኦሪሲያ በሩን ከፍታ፣ የጎረቤት መስኮት ሁሉ እንዲሰማ አድርጋ ጮኸች።

«ዜኖን!»

አልዞረም። እሳቱን በእንጨት ቆሰቆሰ።

«ዜኖን! አልሰማህም እንዴ? ሾርባው ቀዘቀዘ እኮ!»

መጀመሪያም ሰምቷታል። ደግማ እንድትጠራው ብሎ ነው ዝም ያለው።