ዓሣው ላይ ያፈሰስኩት ጠበል

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለንስሐ አባቴም ቢሆን። አሁን የኮሌጅ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። ያኔ ሃይስኩል ነበርኩ፤ ከትምህርት በኋላ ጋርላንድ ከተማ፣ የጌጥ ዓሣ የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ እሠራ ነበር። ሥራውን ያስገኙልኝ የሱቁ ሾፌር ጋሼ ተስፋ ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያናችን ሰው።

አንድ ቀን ከዲኤፍደብሊው አየር ማረፊያ ካርጎ አንድ ዓሣ ይዘው መጡ። ጣት የሚያህል፣ ብርቱካናማ፤ ከጥቂት ሩቅ ደሴቶች ዳርቻ በቀር በየትም ባሕር የማይገኝ። ፕላስቲኩን ወደ መብራቱ ከፍ አድርገው "እዪው፣ ከኛ የባሰ ስደተኛ!" ብለው ሳቁ። ከነመጣበት ውሃ ትንሽ ባልዲ ውስጥ ጨመሩትና "ሶ፣ የቀረውን ዕቃ ላውርድ፤ እስክመለስ እንዳትነኪው፣ ኦኬ?" ብለውኝ ወጡ።

ዓሣው በጎኑ ተኛ። ጨነቀኝ። ሲመለሱ ድኖ እንዲያገኙት፣ "ጎበዝ" እንዲሉኝ ፈለግኩ። ቦርሳዬ ውስጥ እናቴ ለፈተና የሰጠችኝ ጠበል ነበር። በስመ አብ ብዬ ጠርሙሱን ሙሉ ባልዲው ውስጥ ገለበጥኩት። የባሕር ዓሣ ያለ ጨው ውሃ እንደማይኖር አላውቅም ነበር? አውቅ ነበር። በየቀኑ ጨው የምበጠብጠው እኔው ነኝ። ጠበሉን ግን እንደ ውሃ አላየሁትም። ዓሣው ተንፈራገጠ፤ ከዚያ ጸጥ አለ።

የሱቁ ባለቤት "በዚህ ሙቀት መኪና ውስጥ ትተኸው ነው" ብሎ ጋሼን አባረራቸው። ጊዜው ሰው ሥራ የሚያጣበት እንጂ የሚያገኝበት አልነበረም። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። እኔ፣ ባዶውን ጠርሙስ የደበቅኩት፣ ዝም አልኩ። "ጠበል ገደለው ማለት ድፍረት ነው" አልኩ ለራሴ። ማንን ነው የማታልለው? የፈራሁት ለጠበሉ ክብር ነው ወይስ ለራሴ?

ፓርኪንጉ ድረስ ሸኘኋቸው። ቢቆጡኝ በተሻለኝ። እሳቸው ግን "ማለቴ፣ ነዳጅ ልቀዳ ቆሜ ነበር… እኔው አዘግይቼው ይሆን እንዴ?" አሉኝ።

"ይሆናል፣ ጋሼ" አልኳቸው።

እስከዛሬ ከቅዳሴ ስንወጣ ያቺን ነዳጅ እያነሱ ራሳቸውን ይወቅሳሉ፤ ከዚያ ራሴን ዳብሰው "በርቺ፣ የኔ ልጅ" ይሉኛል። እኔም "አሜን" እላለሁ።

ጠበሉ አልገደለም፤ እኔ ነኝ የገደልኩት። ዓሣው ላይ ጠበል ሳፈስ ደንግጬ ነበር። "ይሆናል" ስል ግን አልደነገጥኩም። ስለዚህ እሳቸው እውነቱን ከአፌ እስኪሰሙ ድረስ እናንተም ይቅር አትበሉኝ።