ብርሌው ጎንደር የቀረ ቀማሽ

ከጎንደር ወደ እስራኤል የምንወጣ ለት ማታ አባባ ሻንጣውን ሦስት ጊዜ ፈቶ ሦስት ጊዜ አሰረው። ጋቢው ገባ፣ ጭራው ገባ፣ የእናቴ ፎቶግራፍ ገባ። ብርሌው ግን መደርደሪያው ላይ እንደተቀመጠች ቀረች። «አባባ፣ ብርሌህን ረሳሃት» ስለው፣ «አልረሳኋትም፤ ተመልሼ እጠጣባታለሁ» አለኝ። እህቴ ጥሩነሽ ይህን ስትሰማ ፊቷን አዞረች። የእሷ ስም በተጓዦቹ ዝርዝር ላይ ስላልወጣ ከልጆቿ ጋር እዚያው መቅረቷ ነበር። እሱ ሳይሄድ መመለስ ያስባል፣ እሷ መምጣት አምሯት ትቀራለች፣ እኔ መሀል ላይ ቆሜ ዕቃ እቆጥራለሁ።

ስለ አባባ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በእኛ ሰፈር ድግስ ያለበት ቤት ሁሉ፣ ጠጁ ለእንግዳ ከመቅረቡ በፊት የሚጠራው እሱ ነበር። ቀማሽ ነው። ጎንጨት ይልና ዓይኑን ጨፍኖ «ጌሾው ቸኩሏል»፣ «ማሩ የቆላ ነው» ብሎ ይፈርዳል። የራሱ ደንብም አለው፤ ጠጁ ከጣመው ተነሥቶ በገዛ እጁ ይቀዳና መጀመሪያ ጠማቂዋን ያጠጣል። ያን ሳያደርግ ማንም አይጠጣም።

ቅርያት ማላኺ ከተማ በገባን በሁለተኛው ሳምንት ለምዝገባ ቢሮ ተጠራን። ጸሐፊዋ በአስተርጓሚ፣ «ሙያው ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀች።

«ጠጅ ቀማሽ» አለ አባባ ኮራ ብሎ።

ሴትዮዋ ኮምፒዩተሯ ላይ ፈልጋ ፈልጋ፣ «እንዲህ የሚባል ሙያ የለም። ገበሬ ብዬዋለሁ። ቤሰደር? ይሁን?» አለች።

«በሬዎቹንስ እሷ ናት የምትሰጠኝ?» አለ አባባ። ይህን እንኳ አስተርጓሚው አላስተላለፈውም።

አገሩ ደግ ነው፣ አልዋሽም። እኔ ኪያር የሚታሸግበት ፋብሪካ ሥራ ገባሁ፤ ውሃው ከቧንቧ ሳይቋረጥ ይወርዳል፤ ሙቀቱ ብቻ እንደ መተማ ነው። አባባ ግን በየሳምንቱ «መቼ ነው የምትመልሱኝ?» ይል ጀመር። «የሚጠጣ የሌለበት አገር እንዴት ይኖራል?» ዓርብ ማታ የሚባረክበትን ጣፋጭ ወይን ከሱቅ ገዝቼ አመጣሁለት። ቀመሰና «ይሄ የሳል መድኃኒት ነው፤ የሚያስለው ሰው ፈልጊና ስጪው» አለኝ። ሳቅሁ፤ ግን ፈራሁ። ሰማንያ ዓመት የሞላው ሽማግሌ መልሱኝ ካለ ቀልድ አይደለም። አፉ የሚቀበለው መጠጥ ባገኝለት ልቡም ይቀመጥ ይሆናል አልኩ፤ እና ዓርብ ዓርብ ሥራ ስለማልገባ በአውቶቡስ ወይን ፍለጋ ወጣን።

መጀመሪያ የሄድነው ገዴራ፣ አንድ የወይን መደብር ነው። ሻጩ ትልቅ ብርጭቆ አምጥቶ ከሥሩ ጣት የማይሞላ ቀይ ወይን ጠብ አደረገለት። አባባ ብርጭቆውን አዘንብሎ አየና፣ «ሙሉ ልጄ፣ ይሄ ለሰው ነው ለዝንብ?» አለኝ። ከቀመሰ በኋላ ደግሞ «ጌሾው በዝቷል» ብሎ ፈረደ።

«አባባ፣ ወይን እኮ ጌሾ የለውም!»

«ታዲያ ምላሴን ምን ያዘው?»

አጠገባችን የቆሙት ሰዎች ወይኑን በአፋቸው አገላብጠው ባልዲ ውስጥ እንትፍ ሲሉ ያየ ጊዜማ ክንዴን ጨበጠኝ። «አየሽ? እነሱም አልወደዱትም።»

ያቭነ ከተማ ደግሞ ነጩን ቀመስን። ቀዝቃዛ ነው፣ ሎሚ ሎሚ ይላል። እናንተዬ፣ እኔስ ወደድኩት! ከባሕሩ በኩል ነፋስ እየመጣ፣ ጥላ ሥር ተቀምጬ፣ ዕድሜ ለአባባ ብዬ ጠጣሁ። እሱ «ውሃ የበዛበት ነው» አለ። ይበል እንጂ መንገዱን ወዶታል። ዓርብ ሲነጋ ከእኔ ቀድሞ ጫማውን አጥልቆ በር ላይ ይቆማል። በአገሩ አነጋገር «ያላ፣ እንሂድ» ማለትም ለመደ።

እንዲህ ስንል ከገዴራ ወጣ ብሎ ኒሲም የሚባል ሽማግሌ ቤት ደረስን። ከቱኒዝያ በልጅነቱ የመጣ ነው፣ ትንሽ የወይን መጥመቂያ አለው። ከበርሜል ቀድቶ ለአባባ ሰጠው። አባባ ጎንጨት አለ። ዓይኑን ጨፈነ። ቆየ። ከዚያ «ይሄ ሰው ያውቃል» አለ። ከመጣን በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲህ ሲል የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ደስታዬን ምን ልበላችሁ!

ከጣመው ደግሞ ደንቡ አይቀርም። ብድግ አለና ኒሲምን ሊያጠጣ ወደ በርሜሉ ቧንቧ እጁን ዘረጋ። «ሎ! ሎ! አይሆንም!» የሚል ጩኸት መጣ። ጢሙ የረዘመ ጎልማሳ ሮጦ የአባባን እጅ ቧንቧው ላይ ሳያርፍ ያዘው። ማሽጊያሕ ነው፣ ምግብና መጠጡ እንደ ሃይማኖቱ ሕግ መሠራቱን የሚቆጣጠር።

«ሳባ ጊዩር ጨርሷል?» ብሎ ጠየቀኝ። ሳባ አያት ማለት ነው፤ ጊዩር ደግሞ ወደ አይሁድ ሃይማኖት የምንመለስበት ትምህርትና ሥርዓት።

«ጥቂት ነው የቀረው።»

«እንግዲያው መጠጣት ይችላል፣ በርሜሉን መንካት ግን አይችልም። ከነካው ወይኑ ለእኛ ክልክል ይሆናል።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ኒሲም አንገቱን ደፋ። አባባ ቃሉን ባይሰማም ነገሩ ገብቶታል፤ ብርጭቆውን ቀስ አድርጎ አስቀመጠና ወጣ።

አውቶቡስ ውስጥ ከተቀመጥን በኋላ፣ «አያቴ ለርስቱ ብሎ ክርስትና ተነሣ» አለኝ። «እህቱ ግን በሃይማኖቷ ጸናች። ልጅ ሆኜ ቤቷ ስሄድ ውሃ ከላይ ታንቆረቁርልኛለች፤ በእጄ እጠጣለሁ። እንስራዋን ልነካ ስል፣ ‹አትንካው የኔ ልጅ፣ ስትመለሱ ትነካዋለህ› ትለኛለች። ይኸው ተመለስኩ። ዛሬም አትንካ!» እንባው በጢሙ ላይ ወረደ። እኔም አለቀስኩ፤ ምን አደርጋለሁ?

ከዚያ ወዲያ ትምህርቱን ተወ። ከአልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ይውላል። ወይን ፍለጋ ያልኩት የእኔ ጥፋት ነው ብዬ ራሴን ረገምኩ። አሁንስ መልሱኝ ይላል ብዬ ጆሮዬን አቁሜ እጠብቃለሁ። በሦስተኛው ሳምንት፣ እሑድ ጠዋት፣ ጫማውን አጥልቆ በር ላይ አገኘሁት።

«ወዴት ነው አባባ?»

«ትምህርት ቤት ነዋ። ያ ባለ ጢሙ ሰውዬ ክፉ አይደለም። የአያቴ እህትም ክፉ አልነበረችም። ሃይማኖቱን እስክመለስ ጠበቀችልኝ እንጂ። ሳትጠብቀው ቢሆን ወዴት እመለስ ነበር?»

ጨረሰ። የሃይማኖቱ ዳኞች ፊት ቀርቦ ጥያቄያቸውን መለሰ፣ ለሥርዓቱ ውሃው ውስጥ ገብቶ ወጣ፣ ወረቀቱን ተቀበለ። «አሁን ወደ ቤት እንሂድ» ስለው፣ «ዓርብ ወዴት እንደምንሄድ ታውቂያለሽ» አለኝ።

ኒሲም ሲያየን እጁን ዘርግቶ መጣ። አባባ ግን አልፎት ማሽጊያሑ ፊት ቆመና ወረቀቱን ሰጠው። ሰውዬው አነበበ፤ ፊቱ ቀላ። «ሳባ፣ ይቅርታ። ሥራዬ ሆኖብኝ ነው።»

ተረጎምኩለት። «ሥራህንማ በደንብ ሠርተሃል፤ በል አሁን ዞር በልልኝ» አለ አባባ።

ቧንቧውን ከፈተ። ብርጭቆው ሞላ፤ ሞልቶም ፈሰሰ። ኒሲም ደንግጦ «ሳባ፣ ወይን እስከ አፉ አይሞላም!» ቢለው፣ «ጎዶሎ የሚሰጠውማ ለጠላት ነው» አለና አጠጣው። ሁለተኛውን ቀድቶ ለባለ ጢሙ አቀረበ። ሰውዬው በሁለት እጁ ተቀብሎ ባረከና ከአባባ እጅ ጠጣ። ደጋግሞ ጠጣ። ተነሥቼ እልል አልኩ፤ ፈረንጅ ይስቅ እንደሆነ ይሳቅ።

ቤት እንደገባን ሰንበት ሳይገባ ወደ ጎንደር ደወልን። ጥሩነሽ በስልኩ መስታወት ላይ ታየች፤ ከስታለች።

«ብርሌዬ አለች?» አላት አባባ።

«አለች። በየዓርቡ አጥባታለሁ፣ ስትመለስ አቧራ እንዳታገኝባት።»

«ሰው ሲመጣ ላኪልኝ።»

ምን ማለቱ እንደሆነ እሷም እኔም ገባን። አይመለስም። ደስ ያለኝ እኔ እሷን ሳይ ፈገግታዬን ሰበሰብኩ። ጥሩነሽ ብርሌዋን ከመደርደሪያው አንሥታ ደረቷ ላይ ያዘቻት።

«አልልክም አባባ።»

«ለምን?»

«ለሰው አልሰጣትም። ስሜ ሲወጣ እኔው ይዣት እመጣለሁ።»

አባባ ወደ ስልኩ ጠጋ አለ። ከዚያ «እሺ፣ ልጄ» አላት። «እስከዚያው በብርጭቆ እጠጣለሁ።»