ሳይሸተት የተገዛው ዘይት

የሞተር ዘይት በገዛሁ ቁጥር እጄ እኔን ሳይጠይቅ ክዳኑን ይከፍትና ጠርሙሱን ወደ አፍንጫዬ ያመጣዋል። አዲስ ዘይት እምብዛም አይሸትም። አንዴ ሠርቶ የተደፋውን ግን ያሸተተው ሰው አይረሳውም፤ እሳት ላይ ተረስቶ ያረረ ድስት ይመስላል፣ ጉሮሮ ላይ ይቀመጣል። የነቀምቴ ባለሱቆች ይህን ሳደርግ ሲያዩ ይኮሳተራሉ። ይኮሳተሩ። ለምን እንደማሸት ልንገርህና አንተው ፍረድ።

አባታችን ሲሞት እኔ ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። ታላቅ ወንድሜ ትምህርቱን አቋረጠ፤ እናታችን ገጠር የቀሩንን በሬዎች ሸጠችና አንድ ያገለገለ ቀይ ሞተር ሳይክል ገዛችለት። ከነቀምቴ ጉቴ ሰው ያመላልስበት ነበር። በገበያ ቀን ዶሮም፣ የማር ቅልም፣ አንዳንዴም «ከነጥጃዬ ካልጫንከኝ» የምትል ሴትዮ ያጋጥመዋል። የቤታችን አባወራ ያ ሞተር ነበር። የእኔ ደብተር፣ የእናቴ መድኃኒት፣ የቤቱ ኪራይ፣ ሁሉም ከእሱ ሆድ ነበር የሚወጣው። ወንድሜ ሲገባ ልብሱ አቧራና ቤንዚን ይሸታል። ሞተሩን ቶሎ አያጠፋውም፤ ደጃፉ ላይ ቆሞ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ድምፁን ያዳምጣል። «ስሚው ሚጡ፣ ጤነኛ ሞተር እንዲህ ነው» ይለኛል። እኔ ምንም ለይቼ አልሰማም ነበር፤ እሱ ደስ ሲለው ግን እኔም ደስ ይለኛል።

ዘይት የሚቀየርበት ቀን ሲደርስ ቤታችን ውስጥ ምክክር ነበር። የታሸገው ዘይት ውድ ነው፣ ከአቅማችን በላይ። ከበርሜል በያዝከው ጠርሙስ የሚቀዳልህ ርካሽ ነው፤ እሱን ግን ወንድሜ አይነካውም። «ሞተሩ ከሚራብ እኔ ልራብ» ባይ ነበር። በመካከል የቀረው መለዋወጫ ሻጩ አባ ጋ ያለው ነበር። እናታችን «አባ ጋ ሂዱ፣ እሳቸው እግዚአብሔርን የሚፈሩ ሰው ናቸው» አለች፤ ሄድን።

ከተማው ሁሉ አባ የሚላቸው የመለዋወጫ ሱቅ ያላቸው ሽማግሌ ነበሩ። በጸሎት ቤታችን የፊተኛው ወንበር የእሳቸው ነው፤ ሲጸልዩ ሴቶች ያለቅሳሉ። ሱቃቸው አዲስ ጎማ ጎማ ይሸታል፤ በቆርቆሮው ቀዳዳ የምትገባው ፀሐይ መደርደሪያው ላይ ያሉትን ጠርሙሶች ወርቅ ታስመስላቸዋለች። «አከም ጅርቱ፣ ኢጆሌ ኮ» አሉን ተነስተው፤ እንዴት ናችሁ ልጆቼ ማለታቸው ነው፤ እንደ ልጆቻቸውም አቅፈው ሳሙን። አንድ ጠርሙስ አወረዱና «ይሄ ከውዱ ጋር አንድ ነው፤ ለእናንተ ስል ነው የቀነስኩት» አሉ።

እኔ ቀደም ብዬ ጠርሙሱን አነሳሁት። ክዳኑ ሥር ያለው ቀለበት ተቆርጧል። «ጋሼ፣ እሽጉ እኮ ተከፍቷል» አልኩት ወንድሜን። ወንድሜ ክንዴን ቆነጠጠኝ። አባ ሳቁና «ይህቺ ልጅ ዳኛ ትሆናለች» አሉ። ወንድሜ ጠርሙሱን በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ ጎንበስ ብሎ አመስግኖ ወጣ። መንገድ ላይ «የሽማግሌ ዕቃ ፊታቸው አይመረመርም፣ ሚጡ» አለኝ በቁጣ፤ ቤት ስንደርስም ሳያሸት ሞተሩ ውስጥ ገለበጠው።

ደሜ የሚፈላው እዚህ ላይ ነው። በእኛ አገር ክዳን ከፍቶ ማሽተት ሽማግሌውን ሌባ ብሎ ከመሳደብ ይቆጠራል፤ አብረውህ የሚጸልዩ ሽማግሌ ከሆኑማ ጭራሽ አይታሰብም። ወንድሜ ይህን የሚያውቅ ጨዋ ልጅ ነበር። አባም ጨዋነቱን አሳምረው ያውቁታል። እድሜያቸውን ሙሉ የነገዱት በሰው ይሉኝታ ነው እላለሁ እኔ።

ከሳምንታት በኋላ ሞተሩ በማርሚታው ሰማያዊ ጭስ ይተፋ ጀመር። ቀጥሎ ያ ያረረ ሽታ መጣ። ወንድሜ ደጃፍ ላይ ቆሞ ሲያዳምጥ ግንባሩ ይጨማደዳል፤ ለእኔ ግን «ጉንፋን ይዞታል» እያለ ይቀልድልኛል። አንድ ቅዳሜ አክስታችንን ልንጠይቅ ወደ አርጆ ስንወጣ፣ ፀሐይ አናታችን ላይ፣ ዳገቱ መሐል፣ ከሥራችን ብረት ከብረት ሲፋጭ ሰማሁ። ወዲያው የኋላ ጎማው ድርቅ አለ። ተንሸራተን መንገዱ ዳር ያለው ሣር ላይ ወደቅን። ወንድሜ እኔን አነሳኝና የተላጠው ጉልበቴ ብቻ እንደሆነ ካየ በኋላ ወደ ሞተሩ ሄደ። ፔዳሉን በእግሩ ደጋግሞ ረገጠው፤ ንቅንቅ አልል አለ። ከዚያ መዳፉን የጋለው ብረት ላይ አሳርፎ ቆየ። እንደሚያቃጥል የረሳው ይመስለኛል።

መካኒኩ ሲከፍተው ከውስጡ የወጣው ጥቁር አተላ ነበር። «ከከባድ መኪና የተደፋ ዘይት ነው። በጨርቅ ያጠሉትና ትንሽ አዲስ ቀላቅለው ይሸጡታል» አለ። ፒስተኑ ተበልቷል፤ ማስጠገኑ ሌላ ከመግዛት አይሻልም ነበር። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል። የእኛ ፈረስ ራሱም አብሮ ሞተ።

ወንድሜ ልክሰስ አለ። ሽማግሌዎች ግን ቀደሙት። ጃርሱማ እንለዋለን፤ ጠብ ሳይካረር ሽማግሌ ገብቶ ያስታርቃል። ደግ ልማድ ነው፣ ስንት ደም አድርቋል። ያን ቀን ግን በጸሎት ቤቱ ግቢ ዋንዛው ጥላ ሥር የተቀመጡት ሁሉ የአባ ወዳጆች ነበሩ። አባ «እኔም ገዝቼ ነው የሸጥኩት» አሉ። ከማን ብሎ የጠየቃቸው የለም። ወንድሜ የተረፈውን ዘይት ከነጠርሙሱ ይዞ ሄዶ ነበር፤ ተቀብሎ ያሸተተ አንድም ሽማግሌ አልተገኘም። በመጨረሻ ወንድም ከወንድሙ አይካሰስም፣ አባ ልጁን ሱቃቸው ይቅጠሩት ተባለ። ተጸለየ። እናቴ እየዞረች አመሰገነቻቸው። እርቅ ማለት በዳዩ ስሙን ይዞ የሚሄድበት፣ ተበዳዩ አፉን ይዞ የሚቀርበት ከሆነ፣ እኔ እስከ ዛሬ አልታረቅኩም።

ወንድሜ ባንኮኒው ኋላ ቆመ። ከትምህርት ቤት ስመለስ በዚያ በኩል አልፍ ነበር። አንድ ቀን ከኑኑ ቁምባ የመጣ ሞተረኛ ዘይት ሲጠይቀው አየሁ። ወንድሜ ጠርሙሱን አወረደና ከመስጠቱ በፊት ክዳኑን ራሱ ፈታው። «አሽትተው» አለ።

ሰውዬው አባ ወደተቀመጡበት ዓይኑን ጣል አድርጎ አፈረ። «ዲሲ፣ ኦቦሌሳ» አለ፤ ተወው ወንድሜ ማለቱ ነው።

«ግድ የለም፣ አሽትተው። የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ ነውሩ የእኔ ነው።»

ሰውዬው አሸተተ። ጠርሙሱን ቀስ ብሎ መለሰና ወጣ። ወንድሜ ድምፁን ከፍ አላደረገም፣ ማንንም አልወቀሰም። ለሚመጣው ሞተረኛ ሁሉ እንዲሁ ያደርግ ነበር።

አባ «ውሻ እንኳ በበላበት ይጮሃል» ብለው አባረሩት። ሽማግሌዎቹ እርቅ አፈረሰ አሉት። አብረውት የሚዘምሩት ልጆች ሰላምታ ነፈጉት፤ እናቴ ሳትቀር ብዙ ቀን አኮረፈችው። በዚያው ክረምት ልብሱን በማዳበሪያ ከረጢት ይዞ ጅማ ወረደ፣ ሕንፃ ሥራ ላይ ገባ፣ እዚያው ቀረ። እኔን ያስተማረኝ ሲሚንቶ ተሸክሞ ነው። ከዚያ ወዲህ ሞተር ላይ ወጥቶ አያውቅም።

አሁን የግብርና ባለሙያ ነኝ። ጉቴ ዙሪያ ያሉትን ቀበሌዎች የማዳርሰው በራሴ ሞተር ነው። አባ በሕይወት አሉ፤ ሱቁን ልጃቸው ይዞታል፣ እሳቸው ደጃፍ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ዘይት ባስፈለገኝ ቀን መጀመሪያ የምሄደው እዚያ ነው። አንድ ጠርሙስ አስወርዳለሁ፣ ገዢው ሁሉ እያየ ከፍቼ አሸታለሁ፣ ባንኮኒው ላይ መልሼ አስቀምጬው እወጣለሁ። ልጁ አፉን ሊከፍት ይልና አባቱን አይቶ ይተዋል። ከዚያ ሌላ ሱቅ ሄጄ እገዛለሁ፤ እዚያም አሸታለሁ። ባለፈው አባ «ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ ነገሩ እኮ በእርቅ አልቋል» አሉኝ። «እኔን ማን አስታረቀኝ?» አልኳቸው። ለሽማግሌ እንዲህ መመለስ ነውር ነው። ነውሩ የእኔ ይሁን።

ያን ዕለት ከሥራ ስገባ ወንድሜ ደወለ።

«ዘይቱን ቀየርሽ?»

«ቀየርኩ።»

«አሸተትሽው?»

«አሸተትኩት፣ ጋሼ።»

«አባ ደህና ናቸው?» አለኝ። ሁልጊዜ ይጠይቀኛል፤ ሁልጊዜም ስልኩን ልወረውረው እደርሳለሁ። «ደህና ናቸው፣ ፀሐይ ይሞቃሉ» አልኩት። ስልኩን ግን አልዘጋውም። ምን እንደሚፈልግ ስለማውቅ ግቢ ወጥቼ ሞተሩን አስነሳሁና ስልኩን አጠገቡ ያዝኩለት። መስመሩ የተቋረጠ እስኪመስለኝ ድረስ አዳመጠ።

«ጤነኛ ነው» አለኝ በመጨረሻ። «በቃ አጥፊው፣ ቤንዚን አትጨርሺ።»