የወንድሜ «አለ»

ወንድሜን በፊልም አየሁት። እሱን እንኳ አይደለም፤ እሱን ሆኖ የሚሠራ ጺም የተለጠፈበት ጎረምሳ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ነው፣ ደብረ ማርቆስ፣ አዳራሹ ጢም ብሏል። ጎረምሳው በዝናብ እየተንገዳገደ ሉማሜ መንገድ ዳር ይወድቃል፣ ማሲንቆ ይገዘገዛል፣ ሴቶቹ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። ኧረ በስማም! የኔ ወንድም ተንገዳግዶ አያውቅም። አረቄውን ቁጭ ብሎ ጠጥቶ ቁጭ እንዳለ የሚያንቀላፋ ሰው ነበር።

ታናሼ ነው። ዲማ ቅኔ ሲማር መምህሩ ሳይቀሩ ያደንቁት ነበር። እኔ ፊደል ቆጥሬ አቋረጥኩና ወፍጮ ቤት ከፈትኩ፤ እሱ ቅኔውን ተምሮ አረቄ ቤት ገባ። በቃ፣ ታሪካችን ይኸው ነው። ሲከፋው እኔ ዘንድ ይመጣል፣ ወር ሁለት ወር ይሰነብታል፣ ተመልሶ ይሄዳል።

አንድ እሁድ ለሴት ልጄ የተላኩ ሽማግሌዎች ቤቴ ተቀምጠዋል። ክረምት ነው። በመስኮት ሳይ ወንድሜ የኔን አሮጌ ካፖርት ለብሶ፣ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ይመጣል። አንኳኳ። ባለቤቴ ተነሥታ በሩን ከፈት ስታደርግ «ዝጉ!» አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፤ ሰምቷል። ሽማግሌዎቹ ማን እንደሆነ ሲጠይቁኝ «የኔ ቢጤ ነው» አልኳቸው።

ከዚያ ወዲያ ደጄን አልረገጠም። በዓመቱ ሉማሜ በተከራያት ክፍል ውስጥ ሞቶ ተገኘ። የግጥም ደብተሩን አምጥተው ሰጡኝ። ባለቤቴ «አንብበው እንጂ» ብትለኝ «ተይኝ!» ብዬ ጮኽኩባት። ፈርቼ ነው፣ ምን ይደበቃል።

ፊልም ሠሪዎቹ ልጆች መጥተው «ጋሼ፣ ስለ ወንድምዎ ያጫውቱን» ሲሉኝ ግን ካሜራ ፊት ተኮፍሼ «ቤቴ ቤቱ ነበር» አልኩ። ደብተሩንም ሰጠኋቸው። ፊልሙ ላይ ይህንኑ ስናገር አዳራሹ አጨበጨበልኝ። ባለቤቴ አጠገቤ ነበረች፤ አላጨበጨበችም።

ከፊልሙ በኋላ ግጥም ንባብ ሆነ። ጥቁር በጥቁር የለበሱ ልጆች እየወጡ፣ ግማሹን በሹክሹክታ ግማሹን በጩኸት፣ የየራሳቸውን አነበቡ። በመጨረሻ መድረክ መሪዋ የወንድሜን ደብተር ገለጠች። «ለታላቅ ወንድሙ የጻፈው ነው» አለች።

ዘመድ ወዳጆቼ ስለኔ አትስጉ
መጥቼ በር ሳንኳኳ ወንድሜ አለ ዝጉ

«አለ»ን አጥብቃ አነበበችው። ወንድም አለኝ፣ እናንተ ብትዘጉብኝም ግድ የለኝም ማለቱ ነው። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። እኔ ግን ለማጨብጨብ ያነሣሁትን እጄን መለስኩ። ጽሕፈት መጥበቅና መላላትን አያሳይም፤ ቅኔ የተማረ ሰው ደግሞ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። ያ «አለ» ላልቶ ነው የሚነበበው። ወንድሜ አለ፦ «ዝጉ!» ዞር ስል ባለቤቴ ታየኛለች። እሷም ገብቷታል፤ በሩን የዘጋችው በገዛ እጇ ነው።

«ጋሼ፣ እስቲ እርስዎም ያንብቡልን» ብለው ደግፈው መድረክ ላይ አወጡኝ። መነጽሬን አደረግሁ። የእጅ ጽሑፉ እንደ ድሮው ቀጥ ያለ ነው፣ የሰካራም አይመስልም። ስንት ዓመት የዋሸሁትን በአንዲት ፊደል መናገር እችላለሁ። ዛሬስ እናገራለሁ አልኩ በልቤ። አነበብኩ። «አለ» ላይ ስደርስ አላላሁት።

አዳራሹ ጸጥ አለ። የገባቸው መሰለኝ። ይግባቸው፣ ከፈለጉም ይትፉብኝ አልኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሼ ቀለል አለኝ።

መድረክ መሪዋ ትከሻዬን አቅፋ ማይክራፎኑን ወደ ራሷ አዞረች። «ጋሼ ኀዘኑ ይዟቸው ነው፤ አይፈረድባቸውም» አለች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ራሷ ስንኙን ደግማ «አለ»ን አጥብቃ አነበበችው፣ ሰው ሁሉ ተነሥቶ አጨበጨበ። ከዚያ ማይክራፎኑን እንደያዘች ወደኔ ጠጋ ብላ ሕፃን ፊደል እንደምታስቆጥር ሁሉ «ይጠብቃል እኮ፣ ጋሼ» አለችኝ በፍቅር።

ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል ባለቤቴ ብቻ አልተነሣችም። ዓይኗን ከኔ ሳትነቅል ምን እንደምመልስ ትሰማለች።

«ልክ ነሽ ልጄ» አልኩ። «ይጠብቃል።»