ኮሶዬ ላይ ስንብቱን እምቢ ያሉት እማማ ዘውዴ

«ምነው ልጄ፣ ታሟርችብኛለሽ?» ብለው እማማ ዘውዴ ዛሬ ኮሶዬ ላይ ካሜራዬን በነጠላቸው ሸፈኑት።

የእኔ ፎቶ እንደ ድራማ ነው። ታሪኩን አስባለሁ፣ ሰዎች ይተውኑልኛል። የዛሬው «ስንብት» ነበር፤ የእማማ ዘውዴ ባለቤት አያ ሞላ ስንቅ ይዘው ከቤት ይወጣሉ፣ እሳቸው በር ላይ ቆመው ያያሉ።

«ሰላም የተቀመጠ ባሌን ምን በወጣው ታስወጭብኛለሽ? ይልቅ ከመንገድ ሲገባ አንሽን» አሉኝ።

(ዳይሬክተሯ እኔ ነበርኩ። ከሥልጣን መውረዴን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው።)

አያ ሞላ ስንቃቸውን ይዘው እስከ አጥሩ ሄዱና ተመለሱ። እማማ ዘውዴ ውሃ አምጥተው የባላቸውን እግር ማጠብ ጀመሩ። ይህን አድርጉ ብዬ እኔ አላልኩም።

«መንገዱ እንዴት ነበር?» ሲሉ ጠየቋቸው።

አያ ሞላ ከአጥሩ አላለፉም። ግን ጎንበስ ብለው እያዩዋቸው፣ «አንቺ የሌለሽበት መንገድ ምን ሸጋ አለው?» አሉ።

እኔም አንስቼ ሳበቃ «ጨርሰናል፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ካሜራዬን ዘጋሁ።

እማማ ዘውዴ ሁለተኛውን እግር ጀመሩ።

እስቲ ንገሩኝ፣ እናንተስ ቤት ለፎቶ ተብሎ ተጀምሮ ከፎቶው በኋላም የቀጠለ ነገር አለ?