ክኒንና ጸበል በቁራኛ

አንድ ውጭ አገር ድረስ ሄዶ የተማረ የፍልስፍና ዶክተር፣ ስለ ሳይንስና ስለ እምነት መጽሐፍ የጻፈ ክርስቲያን ሰው፣ እኔ ዳኛ በሆንኩበት ችሎት በሙግት ተረቷል። አታምኑኝም፤ አውቃለሁ። ሚስቴም አታምነኝም። እሷማ መታሰሬን ራሱ ያመነችው ስንቅ ይዛ መጥታ በዓይኗ ስታየኝ ነው።

ደባርቅ ውስጥ በቅሎ አከራይ ነኝ። በደህናው ጊዜ ቱሪስት ሲመጣ ከቡይት ራስ ወደ ላይ ጓዙን ጭኜ የማወጣው እኔ ነበርኩ። ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም፤ የቀረውን ቱሪስት ጥሎት በሚሄደው መጽሐፍ ራሴን አስተማርኩ። ራስን ማስተማር ጥቅሙ መምህሩም ተማሪውም አንድ ቀን አለመቅረታቸው ነው። በዚህ የተነሳ የማላውቀው ነገር ጥቂት ነው፤ እሱንም ሰው እስኪጠይቀኝ አላውቅም።

የታሰርኩት በቀልድ ነው። ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ አንድ ቀልድ አወራሁ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ፣ አንድ ሰው ብቻ አልሳቀም። ቀልዱን እዚህ አልጽፈውም። ጥሩ ቀልድ ነው፤ ሁለት ጊዜ ለመታሰር የሚበቃ ግን አይደለም።

ከሌሎች ጋር በፒካፕ ጭነው ዳባት አወረዱን። ያስገቡን ድሮ እህል ይቀመጥበት የነበረ መጋዘን ነው። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የመታኝ ሽታው ነበር፤ የነቀዘ ገብስና የሰው እግር። በቆርቆሮው የምስማር ቀዳዳ የሚገባው ብርሃን ወለሉ ላይ ሳንቲም የተበተነ ያስመስለዋል። ሰው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በጎኑ ተኝቷል፤ አንዱ ልገላበጥ ካለ ሁሉም መገላበጥ አለበት።

የክፍሉ አለቃ እሱም እስረኛ ነው፤ ካቦ ይሉታል። ግዙፍ የጭነት መኪና ሹፌር።

«ሥራህ ምንድን ነው?» አለኝ።

«በቅሎ አከራይ።»

«እዚህ በቅሎ የለም።»

«ገና ሁሉንም መች አየሁና» አልኩት።

ያ ሁሉ የተኛ ሰው ሳቀ። ካቦውም ሳቀና ከበሩ ራቅ ያለ፣ ብርድ የማይመታው ቦታ ሰጠኝ። በግራዬ ዶክተሩ፣ በቀኜ አንድ የበየዳ ሽማግሌ።

ዶክተሩ ጃናሞራ ነው የተወለደው። ልጅ ሆኖ የቆሎ ተማሪም ዲያቆንም ነበር፤ ቅኔ ከጀመረ በኋላ ወደ ዘመናዊው ትምህርት ዞረ፣ ፊዚክስ ተማረ፣ ከፊዚክስ ፍልስፍና ገባ። ቀጭን ነው፤ መነጽሩን በክር አስሮታል። አንቱ ስለው «ጎን ለጎን እየተኛን አንቱ አይመችም፤ አንተ በለኝ» አለኝ።

«በምን ታሰርክ?»

«ስብሰባ ላይ ጥያቄ ጠየቅሁ።»

«መልሱ ይሄ ነው እንዴ?» አልኩት፣ ዙሪያውን እያየሁ።

ስለ መጽሐፉም ነገረኝ። ዕድሜውን ሙሉ የለፋበት ሳይንስና እምነት ባላንጣ አይደሉም ለማለት ነው። አብረውት የቀደሱት «ዶክተሩ ከዳን» ይሉታል፤ አብረውት የሚያስተምሩት «ዲያቆኑ መጣ» ይሉታል።

«ሁለቱም ካኮረፉህ ታዲያ መጽሐፉን ማን ገዛው?»

«እናቴ። ማንበብ ግን አትችልም።»

ከሰዓት ከሰዓት ሰው ሲሰለቸው ያስተምረን ነበር። «ልጅ ሆኜ የኔታ እግር ሥር ቁጭ ብዬ የጾምና የበዓል አቆጣጠር ስማር፣ የቆጠርኩት ፀሐይና ጨረቃን ነው» ይላል። «ጨረቃን ሳንቆጥር ፋሲካን አናገኝም። የሰማይ ሒሳብ መቅደስ ገብቶ በኖረበት አገር፣ ሳይንስ ከውጭ የመጣ ሰይጣን ነው የሚባለው እንዴት ነው?» አንድ ጎረምሳ ደግሞ ሳይንስ ካለ እግዜር ምን ይሠራል ሲለው፣ «ጨረቃን የቆጠረ ሰው ጨረቃን ሠራሁ አይልም» አለው። እኔ ይቺን መጽሐፍህ መጀመሪያ ላይ አድርጋት ብዬ መክሬዋለሁ። መጽሐፉ ታትሞ አልቋል አለኝ።

የበየዳው ሽማግሌ ይሄን ሁሉ ሲባል ጋቢያቸውን ተከናንበው ነው የሚውሉት። የታሰሩት ልጅዎ የት ገባ ተብለው ነው። ሲያመጧቸው መንገድ ላይ ወድቀው ቅልጥማቸው ተሰንጥቋል፤ ቁስሉ አብጦ ጠቁሯል፣ ሽታውም ከገብሱ በልጧል። አገራቸው ላይ የታወቁ ነገረ ፈጅ ናቸው። ድንበር የተገፋ፣ ከብት የጠፋበት ሁሉ «ይናገሩልኝ» ብሎ ደጃቸው ይመጣል።

አንዲት ነርስ አስገብተው አሳዩአቸው። ክኒን ሰጠቻቸውና ስትወጣ እኔንና ዶክተሩን ጠራችን። «ካልወሰዱት እግራቸው ይቆረጣል» አለች። «ከዘገየ እሳቸውም ይሞታሉ።»

ሽማግሌው ክኒኑን አልነካም አሉ። ሚስታቸው ጸበል በጀሪካን ታመጣላቸዋለች፤ ጠዋት ጠዋት ይጠጣሉ፣ ቁስሉንም ያጥቡበታል። በእኛ አገር ደግሞ ጸበል የጀመረ ሰው መድኃኒት ከቀላቀለ ጸበሉ ይርቀዋል የሚል አለ።

ዶክተሩ ለመናቸው። «አባቴ፣ ሁለቱንም የሰጠ እግዚአብሔር ነው።»

«እንግዲያው እሱ ራሱ ይንገረኝ።»

«በሐኪሟ በኩል እየነገረዎት ነው።»

«የእሷን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ የእሱ አይደለም።»

በማግስቱም ለመነ፣ በሦስተኛው ቀንም። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞረ። «ዕድሜዬን የጻፍኩት ይሄንኑ ነው» አለኝ ቀስ ብሎ። «አንድ ሰው ሊሞት ሲል ካልጠቀመ ምን ያደርጋል?» ሽማግሌውን ትኩሳት ያንቀጠቅጣቸው ጀመር።

እኔ ፍልስፍና ብዙም አልጨረስኩም፤ በቅሎ ግን አውቃለሁ። በቅሎ ገደል አፍ ላይ አልሄድም ብላ ስትቆም ወደፊት አይጎትቷትም። ወደ ኋላ ሳብ ሲያደርጓት በእልህ ወደፊት ትሄዳለች። ለዶክተሩ በጆሮው ነገርኩት፤ መጀመሪያ አልወደደውም፣ በኋላ ሽማግሌውን አየና እሺ አለ።

ምሳ እንደተበላ ተነሳሁ። «ዛሬ ችሎት አለ» አልኩ ጮክ ብዬ። «ጸበልና ክኒን ተካሰዋል።»

ሽማግሌው ከጋቢው ሥር አንድ ዓይን አወጡ። «ዳኛው ማነው?»

«እኔ።»

«እንግዲያው ፍርድ ሞተ።»

«ለጸበል ዶክተሩ ይቆማል። ለክኒን የሚቆም ግን አጣን። እሱ ወገን ከባድ ነው፤ ከበየዳ የሚደፍረው ይኖራል ብዬም አላስብ።»

«ምኑ ነው የሚከብደው?»

«ባላጋራው ዶክተር ነዋ።»

«ዶክተር ረትተን እናውቃለን» አሉ። «የከብት ነበር።»

«አባባ፣ አንቱ እኮ በክኒን አያምኑም። ይቅርብዎ።»

«የሚያምንበትን ብቻ የሚሟገትማ ነገረ ፈጅ ሳይሆን አልቃሽ ነው» ብለው ግድግዳውን ተደግፈው ተነሱ። «ያለ ቁራኛ ግን አልሟገትም። በአባቴ ዘመን ከሳሽና ተከሳሽ በልብሳቸው ጫፍ ተቋጥረው ነው ዳኛ ፊት የሚቆሙት። እሰሩን።»

«አባባ፣ ታስረን የለም እንዴ?» አለ አንዱ ከጥግ።

መጋዘኑ በሳቅ ተናወጠ። ጠባቂው ዝም ሊያሰኘን በሩን ከፈተ፤ የሁለቱን ጋቢ ስንቋጥር ሲያይ ግን እዚያው ቆመ። ዶክተሩ ከሽማግሌው ጎን ሲቆም ክንዳቸው ነካውና ወደ እኔ ዞረ። ትኩሳቱ ተሰምቶታል።

እሱ ጀመረ። ችግሩ ዶክተሩ ነገር አበላሽቶ መሥራት አይችልም። በጸበል ደግሞ ከልቡ ያምናል። ልጅ ሆኖ ሲታመም እናቱ አዝላው በቁር፣ ወንዝ ተሻግራ ጸበል እንዳደረሰችው፣ ውሃው ሲነካው መጀመሪያ የሰማው የእሷን እልልታ እንደሆነ ተናገረ። ሰው አንገቱን ደፋ። እኔ ራሴ ክኒኑን ልወረውረው ምንም አልቀረኝ። ሽማግሌው «እውነት ነው፣ እውነት ነው» እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። አለቀልን፣ በገዛ ብልሃቴ ሰው ገደልኩ አልኩ።

ዶክተሩ ሲጨርስ ግን ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«በላ ልበልሃ። ጌታ የዕውሩን ዓይን በምን አበራ?»

«በቃሉ» አለ ዶክተሩ።

«በቃሉ ብቻ?»

«ምራቁን ከአፈር ለውሶ፣ በጭቃ ቀባው።»

«ከዚያስ?»

«ሂድና ታጠብ አለው።»

«ዳኛ፣ ያዝልኝ። ጭቃውም አለ፣ ውሃውም አለ። አንዱ አንዱን ተቀየመው?»

ዶክተሩ መነጽሩን ወደ ላይ ገፋ።

«ጾማችንን በምን ቆጥረን እንይዛለን?»

ዶክተሩ ከንፈሩን ነከሰ፤ ሳቅ እየታገለው ነው። «በጨረቃ።»

«ጨረቃ ተቆጠረች ብሎ እግዜር ተቀይሞ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«በቁጥር ያልተቀየመ በክኒን ምን ብሎ ይቀየማል?»

ያን ሁሉ ቀን ተከናንበው ተኝተዋል ስንል ለካ አንድም ቃል አላመለጣቸውም። ከዚያ በቋጠሮው ዶክተሩን እየጎተቱ ወደ በሩ ዞሩ። «አንተ ጠባቂ፣ እናት አለችህ?»

«አለችኝ።»

«ስትታመም ጤና ጣቢያ ነው የወሰድካት ጸበል?»

«ሁለቱም ጋ» አለ ጠባቂው፣ ሳያስበው።

«ዳነች?»

«ድናለች።»

«ምስክሬ ነው» ብለው ወደ እኔ ተመለሱ።

ዶክተሩ መነጽሩን አውልቆ በጋቢው ጠረገ። «ዳኛ ሆይ፣ መልስ የለኝም። ተረትቻለሁ።»

«ክኒን ረትቷል» ብዬ ፈረድኩ። «ረቺው በረታበት ይጠቀም።» ክኒኑን በመዳፌ ዘረጋሁላቸው።

ያኔ ገባቸው። ብዙ አዩኝ።

«አንተ በቅሎ ነጂ» አሉ።

«አቤት።»

«ወደ ኋላ ነው የሳብከኝ።»

መዳፌን ግን አልሰበሰብኩም።

«ጨዋታ ነው ብዬ ብተኛ የሚይዘኝ የለም» አሉ። «ግን ሰው ቆሞ እየሰማኝ የተናገርኩትን አላጥፍም።»

እንቀመጥ ስንላቸው እንቢ አሉ። ቋጠሮውንም እንዳትፈቱት አሉ። በደህናው እግራቸው ቆመው ጋቢያቸውን ቤተ ክርስቲያን እንደሚገባ ሰው አስተካከሉ። ክኒኑን ተቀብለው በላዩ አማተቡ፣ ከጀሪካኑ ጸበል በኩባያ አስቀዱና በእሱ ዋጡት። ከኩባያው ግማሹን አስተርፈው ለዶክተሩ ሰጡት።

«እንካ፤ የተረታ ሰው ይጠማዋል።»

ዶክተሩ ጠጣ። ከዚያ በኋላ ጠዋትና ማታ፣ ክኒኑ እስኪያልቅ፣ ማንም ሳይለምናቸው ወሰዱ፤ ሁልጊዜም በጸበል። እብጠቱ ጎደለ፣ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ነርሷ ተመልሳ ስታይ «ጎበዝ ሐኪም ነኝ» አለች ለራሷ። እኔም አላረምኳትም፤ ለሁላችን የሚበቃ ክብር ነበረ።

በየተራ ለቀቁን፤ ሲያስሩን እንዳላስረዱን ሁሉ ሲለቁንም ለምን እንደሆነ አልነገሩንም። ዶክተሩ ማስተማሩን ቀጥሏል፤ ሁለቱም ወገን ዛሬም እንዳኮረፉት ነው፣ እሱም አልተወም። መጽሐፉን ደግሜ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ ያልገባኝ ቦታ አለ፣ ያልተስማማሁበትም አለ፣ ነግሬዋለሁ።

ዳባትን በመኪና ሳልፍ ያ መጋዘን ከመንገዱ ይታያል። ተመልሶ እህል ገብቶበታል። ስንት ቀን እዚያ እንደወሰዱብን ማሰብ አልወድም። ያንን ከሰዓት ግን አልወሰዱትም፤ እሱ የእኛ ነበር፣ ጠባቂው ራሱ በእኛ ወገን ሆኖ የዋለበት። መሳቅ ከማይችል ሰው ጋር የምጣላው ለዚህ ነው፤ ሳቅ ሰው ያድናል ብዬ ስለማምን ሳይሆን ሲያድን ስላየሁ።

ውሸታም ነው የምትሉ በየዳ ውጡ። ሽማግሌው ትንሽ ያነክሳሉ፣ ግን ችሎት ላይ ታገኟቸዋላችሁ። ካቦውን ደባርቅ መናኸሪያ ጠይቁት፤ ጠባቂውንም ጠይቁት፣ አሁን ሥራውን ትቶ ሱቅ ከፍቷል፣ ሁሉን ይነግራችኋል። ከሽማግሌው ጋር ብቻ ሙግት እንዳትጀምሩ።